የእትብቱ ደምና የእኔ ደም

ሁለተኛ ልጄን ያረገዝኩ ጊዜ ቤተሰቡ በሙሉ የሚያወራው ስለ ደም ነበር። ችግሩ ስለ እኔ ደም አለመሆኑ ነው።

የእኔ ደም ኦ ኔጌቲቭ ነው። እንዲህ ዓይነት ደም ያለው ሰው እዚህ አገር እንደ ልብ አይገኝም። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ብዙ ደም ፈሶኝ ነበር። አልጋው ላይ ተጋድሜ፣ የጣሪያው መብራት እየደበዘዘብኝ ሲሄድ፣ አንዱ «ደም አለ?» ሲል ሌላው ደግሞ «እየተፈለገ ነው» ሲል እሰማ ነበር። «እየተፈለገ ነው» የምትለዋን መልስ በሕይወቴ ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ ስለ ጠፋ ፋይል፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ቧንቧ ሠራተኛ። ስለ ራሴ ነፍስ ስትነገር ስሰማ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ባሌ ስልክ ያልደወለለት ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሹፌር ተገኘና ተረፍኩ። ሹፌሩ ከዚያ በኋላ ሐዋሳ ተዛወረ፣ ስልኩም ከተቋረጠ ቆየ።

ስለዚህ ሁለተኛውን ሳረግዝ ሌላ ጭንቀት አልነበረኝም። ሴት ይሁን ወንድ፣ ማንን ይምሰል፣ ምን ይባል፣ ይህን ሁሉ ለሌላ ሰው ትቼዋለሁ። እኔ የምፈልገው «እየተፈለገ ነው» የምትለዋን ቃል ዳግመኛ እንዳልሰማ ብቻ ነበር።

ሐኪሜ ኢምፔሪያል አካባቢ የምትሠራ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ወሬ ስትጀምር መነጽሯን ታወልቃለች፣ ስትጨርስ መልሳ ታደርጋለች፤ በመሃሉ ያለው አጭር ነው። «ከመውለድሽ በፊት ባሉት ሳምንታት ከአንቺ ጋር አንድ ዓይነት ደም ያለው ሰው ይስጥልን፣ እኛ እናዘጋጃለን። ደም ባንክ ውስጥ ይህ ዓይነት ሁልጊዜ አይገኝም። በዕለቱ ከመሯሯጥ ከአሁኑ ፈልጉ» አለችን። አለችን የምለው ብቻዬን ስላልነበርኩ ነው። በግራዬ ባሌ፣ በቀኜ የባሌ እህት ተቀምጠዋል። ሦስታችንም ሰምተናል። ይህን ልብ በሉልኝ።

ዶክተሯ መነጽሯን ከማድረጓ የባሌ እህት ወደ ፊት ጠጋ አለችና «ዶክተር፣ ስለ እትብት ደሙ ግን ምንም አላልሽንም» አለች።

የባሌ እህት ከዱባይ ከተመለሰች ወዲህ እንጀራዋ ይኸው ነው። ልጅ ሲወለድ እትብቱ ውስጥ የሚቀረውን ደም አስቀድቶ፣ በአውሮፕላን ወስዶ፣ ውጭ አገር በረዶ ውስጥ ለዓመታት የሚያስቀምጥ ድርጅት ወኪል ናት። ልጁ አድጎ የደም ካንሰር ወይም ሌላ ክፉ በሽታ ቢይዘው በዚያ ደም ሊታከም ይችላል ነው ነገሩ። ቦሌ ላይ መስታወት በመስታወት የሆነች ቢሮ አላት። ግድግዳው ላይ ያሉት ሕፃናት ሁሉ የፈረንጅ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ይስቃሉ።

እኔ ደግሞ የምሠራው ኢንሹራንስ ቤት ነው። ሰው ገና ላልመጣ ነገር ከኪሱ እንዲያወጣ እንዴት እንደሚያግባቡት አውቃለሁ፤ እኔም እንጀራዬ ነው። ስለዚህ ሙያዋን አልንቅባትም። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር። ልጅሽ ቢታመምስ ስትባል ልቧ የማይንጠለጠል እናት የት አለች? የሚያናድደኝ ሌላ ነው። እኔን የሚያጋጥመኝ ነገር «ቢሆንስ» አይደለም፤ አንዴ ሆኗል።

ዶክተሯ መነጽሯን እንደገና አወለቀች። «ነገሩ ውሸት አይደለም። የራሱ ደም መልሶ የሚያስፈልገው ልጅ ግን ጥቂት ነው። ከፈለጋችሁ ደግሞ መብታችሁ ነው፤ ዕቃው እንደታሸገ ይምጣልኝ፣ እቀዳላችኋለሁ። መጀመሪያ ግን የእናትየው ደም» አለች። የባሌ እህት ከዚህ ሁሉ የሰማችው «እቀዳላችኋለሁ» የሚለውን ነው። ሊፍቱ ውስጥ ሆና ስልክ እየደወለች ነበር።

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም፤ ጠዋት ታክሲ ሰልፉ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። የመውለጃዬ ጊዜ ሲቃረብ አማቴ «እዚያ ሰማይ ላይ ምጥ ቢመጣብሽ ማን ያወርድሻል?» ብለው ሳሊተ ምሕረት ወዳለው ግቢያቸው አስመጡኝ። የእኔ እናት በሕይወት የሉም፤ ስለዚህ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ባሌና ትልቁ ልጄም ተከተሉኝ። የባሌ እህትም የምትኖረው እዚያው ከእናቷ ጋር ነው። አሁን ሳስበው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ባምጥ ይሻለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ የባሌ እህት ዜናውን ለእናቷ ነገረች። አማቴ ጉርሻቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቆዩ።

«እትብቱን ነው ዱባይ የምትልኩት?»

«እማዬ፣ እትብቱን አይደለም፤ ደሙን ነው። ደግሞ ዱባይ አይደለም።»

«የትም ይሁን! የወንድሙ እትብት እዚህ ግቢያችን፣ ኮክ ዛፉ ሥር ነው ያለው። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ ሳሊተ ምሕረት አንዱ አረብ አገር ሊሆን?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሲቀርብ እትብት ሳይነሳ ቀርቶ አያውቅም። ጾም ስለነበር ሽሮው ይመጣል፣ እትብቱ ይመጣል። የባሌ እህት «ሳይንስ ነው» ትላለች፣ አማቴ «ወግ ነው» ይላሉ። ባሌ ከዚህም ከዚያም እየጎረሰ «ሁለታችሁም እኮ ልክ ናችሁ» ይላል። ይህን ሰው ያገባሁት ሰላማዊነቱን ወድጄ ነበር።

የሚያቃጥለኝ ደግሞ ጠቡ ጭራሽ ጠብ አለመሆኑ ነው። ደሙ የሚቀዳው ከተቆረጠው፣ ከእንግዴ ልጁ በኩል ካለው ወገን ነው። አማቴ የሚቀብሩት ደግሞ ሕፃኑ እምብርት ላይ ቀርቶ፣ ደርቆ የሚወድቀውን ቁራጭ ነው። አንዱ ሌላውን አይነካም። ደሙም ሊሄድ፣ እትብቱም ኮኩ ሥር ሊቀበር ይችላል። ይህን ለሁለቱም ነገርኳቸው። በሹካ በቢላዋ አስመስዬ ጠረጴዛው ላይ አሳየሁ። አማቴ «እሺ ልጄ፣ አንቺ ብዪ» አሉኝ። የባሌ እህት «ኤግዛክትሊ!» አለች። ከዚያ ሁለቱም ካቆሙበት ቀጠሉ።

እኔም እያንዳንዱ ምሳ ማብቂያ ላይ የራሴን ጥያቄ አነሳለሁ። «ደም የሚሰጠኝ ሰው ተገኘ?» ባሌ ተመርምሮ ኦ ፖዘቲቭ ሆኗል፣ ለእኔ አይሆንም። አማቴ ዕድሜያቸውም አይፈቅድ፣ የግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ። ባሌ «መሥሪያ ቤት ነግሬያለሁ፣ እያፈላለጉ ነው» ይለኛል። እያፈላለጉ! የባሌ እህትን ሄደሽ ተመርመሪ ስላት ደግሞ አንድ ቀን ስብሰባ አለባት፣ አንድ ቀን ራሷን ያማታል፣ አንድ ቀን «ትረስት ሚ የኔ ቆንጆ፣ የኔ ክብደት ራሱ ደም አያሰጥም» ትለኛለች። ከእኔ በፊት ሦስተኛ እንጀራ የምታነሳው እሷ ናት።

ከዚያ ደግሞ የአዳራሹ ጉዳይ መጣ። የባሌ እህት ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ አዳራሽ ይዛ ነፍሰ ጡሮችን ጠራች። እኔ የፊት ወንበር ላይ እንድቀመጥ ታዘዝኩ። «ምንም አትናገሪም፤ ጀስት ቁጭ በዪልኝ። የወንድሜ ሚስት መሆንሽን ሲያዩ ያምናሉ።» እግሬ ስላበጠ ጫማ አልገባ ብሎኝ ነጠላ ጫማ አድርጌ ሄድኩ፤ የሆቴሉ ምንጣፍ ላይ እየጎተትኩ ገባሁ።

አዳራሹ ሆድ በሆድ ነበር። ግማሾቹ ባሎቻቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ባሎቹ ኋላ ተቀምጠው ስልካቸውን ያያሉ። የባሌ እህት ስትናገር ታምራለች፤ ይህን አልክድባትም። ቪዲዮ ከፈተች፤ ሕፃን ተወለደ፣ ሐኪሙ እትብቱ ላይ መርፌ ሰካ፣ ቀይ ደም በቱቦው ወደ ከረጢቱ ወረደ። መርፌው የታየ ጊዜ ጀርባዋን ለስክሪኑ ሰጥታ የጠረጴዛ አበባ ስታስተካክል አየኋት። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም።

ጥያቄ ሲፈቀድ አዳራሹ ነፍስ ዘራ። ስለ ነገሩ ቀድማ የሰማች ከስንት አንዷ ናት፤ የሰሙትም የሰሙት ስልክ ላይ ካዩት ቪዲዮ ነው። አንዷ ደሙ ሲቀዳ ልጁን ያመው እንደሆነ ጠየቀች። አንዷ ንስሐ አባቷን ሳታማክር እንደማታደርገው ተናገረች። አንዷ «ክፉ ሰው እጅ ገብቶ ቢደገምበትስ?» ስትል ጎረቤቷ በክርኗ ጎሰመቻት። ከኋላ በኩል ሌላዋ ተነሳችና «እዚያ መብራት አይጠፋም?» አለች። ሁሉም ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «እኔ ለገና የገዛሁት ሥጋ ተበላሽቶብኝ ያውቃል» ብላ ተቀመጠች። ጥቁር ሻርፕ የለበሰች፣ ወሯ የገባ ሴት ደግሞ «እትብቴ የተቀበረበት አገር እንላለን። ይህ ልጅ አድጎ አገርህ የት ነው ሲባል ምን ሊል ነው? ፍሪጅ?» አለች። ይህችን ሴት ወደድኳት። ትክክል ስለሆነች አይደለም፤ እሷም እንደ አማቴ ደሙንና እትብቱን ቀላቅላዋለች። የተናደደች ሰው ስለሆነች ነው የወደድኳት።

እኔም እጄን አነሳሁ። የባሌ እህት በዓይኗ ተቆጣችኝ፣ ማይኩን የያዘችው ልጅ ግን ሰጠችኝ።

«ከእናንተ መሃል የራሷን የደም ዓይነት የምታውቅ አለች?» አልኩ።

አንዷ «ካርዴ ላይ ይኖራል» አለች። አንዷ ዞራ ባሏን አየችው፣ እሱ ትከሻውን ሰበቀ። ገና ያልተወለደ ልጅ ደም የት አገር እንደሚቀመጥ ሲከራከሩ የቆዩ ሰዎች፣ በራሳቸው ደም ሥር ውስጥ ምን እንደሚሄድ አያውቁትም። ምጥ ላይ ደም ቢያስፈልጋት ማን እንደሚሰጣት ያሰበች አንዲትም አላየሁ። ወደ ባሌ እህት ዞርኩና «አንቺስ፣ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ኦኬ፣ ግሩም ጥያቄ ነው» አለች፣ ፊቷ ትንሽ ተለወጠ። «ሻይ ቡና ካልን በኋላ እንመለስበታለን።» ሻይ ቡና አልን፤ ኬክ በላን፤ አልተመለስንበትም።

ኪት የሚሉት ዕቃ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ነጭ ካርቶን ነው፣ ዙሪያውን ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበታል፤ ውስጡ ከረጢት፣ ቱቦ፣ መርፌ፣ ጠርሙስ፣ ሁሉም ለየብቻ ታሽጓል። የባሌ እህት ሳሎን ቡፌው ላይ፣ ከአባቷ ፎቶ አጠገብ አስቀመጠችውና «ማንም እንዳይነካው! ማንም!» አለች። በዚያ ቤት ውስጥ «ማንም» ሲባል አማቴን አይጨምርም። ይህን እኔ ምራታቸው ሳውቀው የወለዷት ልጅ እንዴት እንዳላወቀችው ይገርመኛል።

አንድ ጠዋት አማቴ ኪዳን አድርሰው ተመለሱ። እኔ ጓዳ ጋደም ብዬ ነበር። ሳሎን ውስጥ የወረቀት መቀደድ ሰማሁና ወጣሁ። ቡፌው ላይ የነበረው ካርቶን ተከፍቷል። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ነጠላ ተነጥፎ፣ ከረጢቱም ቱቦውም መርፌውም ከየማሸጊያቸው ወጥተው ተደርድረዋል። አማቴ በአንድ እጃቸው ጠበል የሞላ ሃይላንድ ይዘው፣ በሌላው እየረጩ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ይላሉ።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

ቀና ብለው ፈገግ አሉ። እንዲህ ረክተው አይቻቸው አላውቅም። «ልቤ አልፈቅድ ብሎኝ ሲያስጨንቀኝ ሰነበተ» አሉኝ። «ዛሬ እመቤቴ ፊት ቆሜ አሰብኩት። ለልጁ ይበጃል ካላችሁ እኔ ማን ነኝ? ይሂድ። ከሄደ አይቀር ግን ተባርኮ ይሂድ።»

ምን ልበላቸው? ከብዙ ቀን ሙግት በኋላ እሺ ማለታቸው ነው። እሺታቸውን ነው የረጩበት። ጠበሉ ከቱቦው ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ሳቅ መጣብኝ፣ ከሳቁ ኋላ ደግሞ እንባ ነበር።

የባሌ እህት ለምሳ ስትመጣ ያየችውን ማመን አቃታት። «እማዬ! ይሄ እኮ ስቴራይል ነው! በእጅ አይነካም! አበቃ፣ ሊትራሊ አበቃ!»

«ጠበል ነው የረጨሁት እንጂ መርዝ ረጨሁ?»

«ጀርም ገባበት!»

«ጠበሉ ነው ጀርም? አፍሽን ያዢ! ከአረብ አገር ይህን ተምረሽ መጣሽ?»

«ይህ እኮ አንድ ቀን የልጁን ሕይወት ሊያድን ይችል ነበር!» እያለቀሰች ነበር፤ የእውነት እያለቀሰች። ባሌ በዚህ መሃል ገባ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ እናቱን አየ፣ እህቱን አየ፣ አፉን ከፈተ።

«ሁለታችሁም...»

«እንዳትጨርሳት!» አልኩት።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከመቀመጫዬ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ በዚያ ሰሞን ሰው ሳይደግፈኝ አልነሳም ነበር። «ልጁ አልተወለደም! አልታመመም! ሕይወቱን የምታድኑለት ልጅ ገና ሆዴ ውስጥ እየተራገጠ ነው፣ ደህና ነው! የምሞተው እኔ ነኝ!»

አማቴ «በስመ አብ በዪ!» አሉ።

«አልልም! ባለፈው አልጋ ላይ ሆኜ ደም አለ ወይ ሲባል እየተፈለገ ነው ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁንም ልሰማው ነው። ሐኪሟ ስትነግረን ሦስታችንም ቁጭ ብለናል። ማን ፈለገ? ለማያስፈልገው ደም ካርቶን በአውሮፕላን መጣ፤ ለሚያስፈልገው ከእናንተ ክንዱን የዘረጋ አለ? እናቱ ከሞተች ይህን ደም ማን ያስቀምጥለታል? ማን ያሳድገዋል?»

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ተመልሼ ተቀመጥኩና ነጠላው ላይ አለቀስኩ። ትልቁ ልጄ ከደጅ ብቅ ብሎ ተመልሶ ሲሄድ አየሁት። ሽሮው ቀዘቀዘ።

የባሌ እህት አንድ ቱቦ አንስታ በጣቷ ስትጠመዝዝ ቆየች። ከዚያ፣ ወደማንም ሳታይ፣ «የኔ ኦ ኔጌቲቭ ነው» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አላት ባሌ። ከመቼ ጀምሮ! ከተወለደች ጀምሮ ነዋ!

«ዱባይ ሲመረምሩኝ ነው ያወቅሁት» አለች። «ያን ቀን ለምርመራ ትንሽ ደም ሲወስዱብኝ ወደቅሁ። ስነቃ መሬት ላይ ነኝ። ከዚያ ወዲህ መርፌ ሳይ... አልችልም። ቪዲዮው ላይ ያለውን እንኳን አላየውም።» ቱቦውን ወደ ቦታው መለሰች። «በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ እል ነበር።»

በቅጽበት የተሰማኝን ልደብቅ አልፈልግም፤ ልመታት ነው የፈለግሁት። ደም ሲነሳ የሚያማት ራሷ፣ የማይፈቅደው ክብደቷ፣ ሻይ ቡናው፣ ሁሉም ባንዴ ፊቴ ላይ መጣ። አጠገቤ እየተመላለሰች፣ አንድ ትሪ ላይ እየበላን፣ የምፈልገው ነገር በክንዷ ውስጥ እየዞረ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ እጇን አየሁት። እጅጌዋን እስከ ጣቶቿ ስባ ክንዷን ሸፍና ነበር። ገና ስለተናገረች ብቻ።

«ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን» አልኳት።

በማግሥቱ ጥቁር መነጽር አድርጋ ነው ከክፍሏ የወጣችው። ደም የሚሰጥበት ቦታ ስንገባ ነርሷ ሆዴን አይታ «እናቴ፣ አንቺ እኮ አትሰጪም» አለችኝ። «እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት» አልኳት፤ እሷ ከኋላዬ ተደብቃለች። ክብደቷ ተለካ፤ ደህና አድርጎ ያሰጣል። ስትተኛ እጄን ያዘችኝ፣ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ጨመቀችኝ። የገፋ ሆዴን ታቅፌ፣ ባበጠ እግሬ ቆሜ፣ በሌላው እጄ በወረቀት አራግብላታለሁ። ማን ማንን ሊደግፍ እንደመጣ ሲያዩ ሌሎቹ ሰጪዎች ሳቁ።

መርፌው ሲገባ አልጮኸችም። ዓይኗን ጨፍና፣ ለነርሷ ስለ እትብት ደም ማስረዳት ጀመረች። ሴሎቹ፣ በረዶው፣ አውሮፕላኑ፣ አንድም አላስቀረች። ነርሷ «እሺ እህቴ፣ ክንድሽን ግን አታንቀሳቅሺ» አለቻት። «አንቺ አላገባሽም? ቢዝነስ ካርዴን ልስጥሽ?» አለች፣ ዓይኗ እንደተጨፈነ፣ እንባዋ በመነጽሯ ሥር እየወረደ። በንዴት ስቀልጥ የከረምኩባት ሴት ናት። ያን ጊዜ ግን ግንባሯን ሳምኳት። ስትነሳ ብስኩትና ለስላሳ ሰጧት፤ የእኔንም ድርሻ በላችው።

ምጡ የመጣው ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከቀትር በፊት ነው። ከሳሊተ ምሕረት ኢምፔሪያል እስክንደርስ ባሌ ያልረገመው መኪና አልነበረም፤ ለካስ ሰውየው መናደድ ይችላል። ሴት ልጅ ወለድኩ። ሐኪሟ እትብቱን ቶሎ አልቆረጠችውም። «ደሙ ወደ ልጅቷ ይለፍ» ብላ ትንሽ ጠበቀች። ሆዴ ላይ ተኝታ ስታለቅስ ያ ሁሉ ምሳ የቀዘቀዘበት ደም፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ወደ ባለቤቱ ገባ።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። በነርሶቹ እግር ፍጥነት ነው ያወቅኩት። ልጅቷን ከላዬ አነሷት። ከታች ሙቀት ሲፈስ፣ የጣሪያው መብራት ደግሞ እንደ ባለፈው ሲደበዝዝ ተሰማኝ። የሐኪሟ ድምፅ መጣ።

«ደም አለ?»

ትንፋሼን ያዝኩ።

«አለ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። በአማርኛ ከዚያ የምታጥር፣ ከዚያም የምታምር ቃል አላውቅም።

ስነቃ ክፍል ውስጥ ነኝ። ልጅቷ አጠገቤ ተኝታለች። ክንዴ ላይ መርፌ፣ ከላይ የደም ከረጢት ተሰቅሏል። የባሌ እህት አልጋዬ ጥግ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ መርፌ የሌለበትን እጄን ይዛለች። ደሙን ላለማየት አንገቷ ተጣሞ ቀርቷል፤ ግን አልተነሳችም።

«የኔ ይሆን?» አለችኝ፣ ወደ መስኮቱ እንዳየች።

«ማን ያውቃል» አልኳት። ማንም አልነገረን። የእሷ ይሁን የሌላ፣ ጠብ ጠብ እያለ ይገባ ነበር።

«ለሚቀጥለው ልጅሽ ግን ኪቱን ቢሮ ነው የማስቀምጠው» አለች። ለመናደድ አቅም አልነበረኝም።

አማቴ ገቡ። ነጠላቸውን መስቀልያ አጣፍተዋል፤ በእጃቸው ያ ሃይላንድ አለ። ሕፃኗን ባረኩ፣ ግንባሬን አበሱኝ። ከዚያ ቀና ብለው የተሰቀለውን ከረጢት አዩትና የሃይላንዱን ክዳን መፍታት ጀመሩ።

«እማዬ!» «እማማ!» እኔና የባሌ እህት በአንድ ድምፅ ጮህን። በአንድ ነገር ስንስማማ ያ የመጀመሪያችን ነበር። ሕፃኗ ነቅታ አለቀሰች።

«ምን ሆናችኋል? ልነካው ነው እንዴ?» አሉ አማቴ ቆጣ ብለው። ሃይላንዱን እንደያዙ ወደ ልጃቸው ሄዱ። እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰቡላት፣ መርፌው የገባበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳብሰው አገኙት። እሷ ዓይኗን ጨፈነች። ጠበሉን እጃቸው ላይ አፍስሰው ክንዷን ከላይ እስከ ታች አበሱላት።